«መቼ ልሽጥ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት፦ የጌምስቶፕ አክሲዮን ስለ ሽያጭ ውሳኔ የሚያስተምረን

መግቢያ

በአክሲዮን ገበያ ጥናት «ምን ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ተጽፎለታል። «መቼ ልሽጥ?» የሚለው ግን የዚያን ያህል ትኩረት አላገኘም። ዋጋው ከኩባንያው ገቢና ትርፍ ይልቅ በብዙኃኑ ስሜት የሚወጣና የሚወርድ አክሲዮን ሲሆን ደግሞ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። ከ2021 ወዲህ እንዲህ ያለው አክሲዮን «ሚም አክሲዮን» የሚል ስም ወጥቶለታል። አክሲዮኑን የያዘ ሰው፣ ነገ ይጨምራል በሚል ተስፋና ዛሬ ይወድቃል በሚል ሥጋት መካከል ይዋልላል። በእጁ የሌለው ደግሞ ዋጋው ከልክ ማለፉን አይቶ፣ አክሲዮኑን ተውሶ በመሸጥና በኋላ በርካሽ ገዝቶ በመመለስ ማትረፍ ይመኛል። ይህ ሁለተኛው አድራጎት በገበያው ቋንቋ «ሾርት» ይባላል፤ በዚህ ጽሑፍ «የውሰት ሽያጭ» እለዋለሁ።

የጽሑፉ አቋም የሚከተለው ነው። ሻጩ ባለቤትም ሆነ ተዋሽ፣ «መቼ?» ለሚለው ጥያቄ አስተማማኝ መልስ የሚሰጥ ምልክት በሚም አክሲዮን ላይ የለም። መልስ የሚገኝለት «ምን ያህል?» እና «እስከ መቼ ልቆይ የምችለው በምን ገንዘብ ነው?» ለሚለው ጥያቄ ነው። ስለዚህ የሽያጩ ውሳኔ መወሰን ያለበት ዋጋው ሲንር ሳይሆን፣ ግዢው ወይም ውሰቱ ከመፈጸሙ በፊት ነው። አቋሜን በስፋት በሚታወቀው በጌምስቶፕ ጉዳይ ላይ ተመሥርቼ ለማስረዳት እሞክራለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት፣ የአገራችን መሆናቸው ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የጌምስቶፕ ዋጋዎችም በወቅቱ የነበሩት ናቸው፤ ኩባንያው በጁላይ 2022 አንዱን አክሲዮን ለአራት ስለከፈለ ዛሬ በሚታዩ ሠንጠረዦች ላይ በአራት ተካፍለው ይገኛሉ።

የሆነው ምን ነበር?

ጌምስቶፕ መቀመጫው በቴክሳስ ግዛት የሆነ የቪዲዮ ጨዋታ ቸርቻሪ ኩባንያ ነው። ጨዋታዎች በሱቅ መሸጣቸው ቀርቶ በኢንተርኔት በቀጥታ ወደ ቤት መውረድ ሲጀምሩ ገበያው እየጠበበ ሄደ። በርካታ ሄጅ ፈንዶችም ኩባንያው ይከስማል ብለው አክሲዮኑን በውሰት ሸጡ። የውሰት ሽያጩ መጠን ለሕዝብ ግብይት ከዋለው አክሲዮን ከመቶ በመቶ በላይ ደረሰ። ይህ የሚሆነው አንድ ጊዜ ተውሶ የተሸጠውን አክሲዮን አዲሱ ገዢ መልሶ ለሌላ ሻጭ ሊያውሰው ስለሚችል ነው።

በጃንዋሪ 4 ቀን 2021 የአክሲዮኑ የመዝጊያ ዋጋ 17.25 ዶላር ነበር። በጃንዋሪ 22 ወደ 65.01፣ በጃንዋሪ 26 ወደ 147.98፣ በማግሥቱም ወደ 347.51 ዶላር ደረሰ። በጃንዋሪ 28 በግብይት መካከል 483 ዶላር ከነካ በኋላ በዚያው ቀን በ193.60 ዘጋ። በፌብሩዋሪ 4 ደግሞ 53.50 ሆነ፤ በፌብሩዋሪ 19 ወደ 40.59 ወረደ። ነገሩ አበቃ በተባለበት ጊዜ ዋጋው እንደገና ተነሥቶ በማርች 10 በ265 ዶላር ዘጋ። በዚያች ዕለት ብቻ ከ340 ዶላር በላይ ወጥቶ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ከ200 በታች ወርዶ፣ መልሶ ወጥቷል።

ይህን የዋጋ ጉዞ ዛሬ በሠንጠረዥ ላይ ሲመለከቱት የመሸጫው ቀን ግልጽ ይመስላል። ነገር ግን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ፣ ከፍታው ከፍታ መሆኑ የሚታወቀው ካለፈ በኋላ ነው። በ65 ዶላር ላይ ዋጋው በሦስት ሳምንት ውስጥ ወደ አራት እጥፍ የሚጠጋ አድጎ ነበርና፣ ያን ቀን «ጫፉ ይህ ነው» ያለ ሰው የማመዛዘን ጉድለት አልነበረበትም። በ148 ዶላርም ያው ነው። በምክንያት የተደገፈ ግምት ሦስት ጊዜ ተሳስቶ በአራተኛው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው ግምተኛው እስከ አራተኛው ይቆያል ወይ የሚለው ነው።

ትክክል ሆኖ መክሰር

ይህን በቁጥር እንመልከተው። አንድ ባለሀብት በጃንዋሪ 22 ቀን 2021 በመዝጊያው ዋጋ 100 የጌምስቶፕ አክሲዮን ተውሶ ሸጠ እንበል። በእጁ 6,501 ዶላር ይገባል። በአሜሪካ ሕግ መሠረት ይህን ገንዘብ ከማቆየቱ በተጨማሪ የሽያጩን ግማሽ፣ ማለትም 3,250.50 ዶላር፣ ከራሱ ማስያዝ አለበት። ከአራት ሳምንት በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 19፣ ዋጋው 40.59 ስለሆነ አክሲዮኖቹን በ4,059 ዶላር ገዝቶ ይመልሳል። የውሰቱ ክፍያና ሌላው ወጪ ሳይታሰብ 2,442 ዶላር ያተርፋል። ግምቱ ትክክል ነበር ማለት ነው።

ነገር ግን በመካከል ጃንዋሪ 27 አለ። በዚያን ዕለት መዝጊያ የተዋሳቸውን አክሲዮኖች ለመመለስ 34,751 ዶላር ያስፈልገዋል። በሒሳቡ ያለው ግን የሽያጩ ገንዘብና ማስያዣው ተደምረው 9,751.50 ዶላር ብቻ ነው። የሒሳቡ የተጣራ ዋጋ ከዜሮ በታች 24,999.50 ዶላር ሆኗል። ደንቡ በውሰት የተሸጠ አክሲዮን ላይ ቢያንስ የገበያ ዋጋውን 30 በመቶ የሚያህል የተጣራ ሀብት እንዲኖር ያዛል፤ ይኸውም 10,425 ዶላር ያህል ነው። ስለዚህ ባለሀብቱ በሦስት የግብይት ቀናት ውስጥ 35,425 ዶላር ገደማ ተጨማሪ ማቅረብ አለበት። ካላቀረበ ደላላው አክሲዮኑን በወቅቱ ዋጋ ገዝቶ ሒሳቡን ይዘጋበታል። ይህም የሕጉ ዝቅተኛ ወለል ነው፤ በእነዚያ ቀናት ደላሎች ከዚህ የበለጠ ማስያዣ ጠይቀዋል።

እንግዲህ ይህ ሰው 2,442 ዶላር ለማትረፍ የ35,425 ዶላር መጠባበቂያ ያስፈልገው ነበር። መጠባበቂያው ያለው ሰው አተረፈ፤ የሌለው ሰው በዚያው ግምት፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ዋጋ ጀምሮ ከሰረ። ሁለቱን የለያቸው ስለ ኩባንያው ያላቸው ዕውቀት አልነበረም፤ የገንዘብ አቅማቸው ነው። በእኔ ግምት የውሰት ሽያጭን ስናጠና ከዋጋ ትመና ይልቅ የመቆያ አቅምን ማስቀደም የሚገባን በዚህ ምክንያት ነው።

በተጨማሪም የውሰት ሽያጭ ከመግዛት የሚለይበት አንድ ሒሳባዊ ባሕርይ አለ። አክሲዮን የገዛ ሰው ግምቱ ሲሳሳት ኪሳራው እየጨመረ ይሄዳል፤ ሆኖም በአክሲዮኑ ላይ ያለው ድርሻ ከጠቅላላ ሀብቱ አንጻር ያንሳል። ተውሶ የሸጠ ሰው ግን ግምቱ በተሳሳተ ቁጥር ግዴታው ያብጣል። በምሳሌያችን የ6,501 ዶላር ግዴታ የነበረው ሰው፣ አንድም ተጨማሪ አክሲዮን ሳይሸጥ፣ የ34,751 ዶላር ባለዕዳ ሆኗል። ስለዚህ ስህተቱ ራሱ ውርርዱን ያሳድገዋል። የገዢ ኪሳራ በከፈለው ገንዘብ ይወሰናል፤ የተዋሹ ኪሳራ ግን ጣራ የለውም።

ይህ በግለሰብ ብቻ የሚወሰን አይደለም። በዚያ ጉዳይ ስሙ የገነነው ሜልቪን ካፒታል የተባለው ሄጅ ፈንድ በጃንዋሪ 25 ከሲታዴልና ከፖይንት72 2.75 ቢሊዮን ዶላር ድጋፍ አግኝቶ እንኳ በዚያ ወር ከሀብቱ ከግማሽ በላይ አጥቷል። በ2022 ደግሞ ለመዘጋት ወሰነ። አንድሬ ሽላይፈርና ሮበርት ቪሽኒ በ1997 ባሳተሙት የአርቢትራዥ ወሰን ጥናታቸው ያስረዱት ይህንኑ ነው፤ የሌላ ሰው ገንዘብ የሚያስተዳድር ባለሙያ፣ የዋጋው ስህተት ሲሰፋ ይበልጥ መግዛት ወይም መሸጥ ሲገባው፣ በዚያው ሰዓት ገንዘቡ ስለሚወሰድበት ለመውጣት ይገደዳል። ዋጋ ወደ ትክክለኛው ቦታ መመለሱ ባይቀርም፣ የሚመለሰው ለማረም የተነሡት ከወደቁ በኋላ ሊሆን ይችላል።

ሁለት መከላከያዎችና ወሰናቸው

አንባቢ ሁለት መከላከያዎችን ሊያነሣ ይችላል። የመጀመሪያው የኪሳራ ማቆሚያ ትእዛዝ ነው፤ ዋጋው ይህን ያህል ሲደርስ ግዛልኝና ከውሰቱ አውጣኝ ብሎ ለደላላው አስቀድሞ ማዘዝ። ይህ ትእዛዝ የሚሠራው ዋጋ ደረጃ በደረጃ ሲጓዝ ነው። ጌምስቶፕ በጃንዋሪ 26 በ147.98 ዘግቶ በማግሥቱ የተከፈተው በ354.83 ዶላር ነበር። በ200 ዶላር ላይ የማቆሚያ ትእዛዝ ያስቀመጠ ሰው በመደበኛው የግብይት ሰዓት በ200 የሚሸጥለት አላገኘም፤ ትእዛዙ የተፈጸመለት በመክፈቻው ዋጋ ዙሪያ ነው። የማቆሚያ ትእዛዝ የመውጫውን በር ያሳያል እንጂ የመውጫውን ዋጋ አያረጋግጥም።

ሁለተኛው መከላከያ ፑት የሚባለው የአማራጭ ውል ነው። ገዢው በተወሰነ ቀን ውስጥ በተወሰነ ዋጋ የመሸጥ መብት ያገኛል፤ ቢሳሳት የሚያጣው ለውሉ የከፈለውን ብቻ ነው። በእርግጥ ይህ ጣራ የሌለውን ኪሳራ ጣራ ያበጅለታል። ነገር ግን የውሉ ዋጋ የሚተመነው በሚጠበቀው የዋጋ መዋዠቅ ልክ ስለሆነ፣ ሁሉም መውደቁን በሚጠብቅበት ሰዓት ውሉ እጅግ ይወደዳል። 100 ዶላር በሚያወጣ አክሲዮን ላይ በ100 ዶላር የመሸጥ መብት 40 ዶላር ቢያስከፍል፣ ገዢው ማትረፍ የሚጀምረው ዋጋው ከ60 በታች ሲወርድ ነው፤ ያውም የውሉ ቀን ሳያልፍ። ስለዚህ ፑት የገዛ ሰው ዋጋው እንደሚወድቅ ብቻ ሳይሆን፣ ሌሎች ከሚጠብቁት በላይና በፍጥነት እንደሚወድቅ መገመት አለበት። ፑት የመጠን ችግርን ይፈታል፤ የጊዜን ችግር ግን ያባብሰዋል።

የውሰት አቅርቦቱ ራሱ የሚጠፋበት ጊዜም አለ። ኦወን ላሞንትና ሪቻርድ ቴለር በ2003 ያሳተሙት ጥናት የማርች 2000ን የስሪኮምና የፓልም ጉዳይ ይተነትናል። ስሪኮም የፓልምን አምስት በመቶ ያህል ለገበያ አቅርቦ የቀረውን ይዞ ነበር፤ የአንድ ስሪኮም አክሲዮን ባለቤትም በኋላ 1.5 ያህል የፓልም አክሲዮን እንደሚያገኝ ታውቋል። ሆኖም በመጀመሪያው የግብይት ቀን ፓልም በ95.06፣ ስሪኮም ደግሞ በ81.81 ዶላር ዘጉ። በቀላል ስሌት ስሪኮም ከ142 ዶላር በላይ ማውጣት ነበረበት። ይህን ስህተት ለማየት የሦስተኛ ክፍል ሒሳብ ይበቃል፤ ለማረም ግን የፓልምን አክሲዮን መዋስ ያስፈልጋል፤ የሚዋስ አክሲዮን ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ስህተትን ማወቅና ከስህተቱ ማትረፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የሚንቀሳቀስ ዒላማ

እስካሁን የተባለው ሁሉ የአክሲዮኑ እውነተኛ ዋጋ የታወቀና የማይለወጥ መሆኑን በማሰብ ነው። በሚም አክሲዮን ላይ ግን ይህም አይጸናም። ምክንያቱም የገበያው ዋጋ ራሱ የኩባንያውን ሀብት ይለውጠዋል።

ጌምስቶፕ በ2021 በሁለት ጊዜ 8.5 ሚሊዮን አዲስ አክሲዮን ሸጦ ወደ 1.68 ቢሊዮን ዶላር ሰበሰበ። በሜይና በጁን 2024 ዋጋው ዳግም በተነሣ ጊዜ ደግሞ 120 ሚሊዮን አክሲዮን ሸጦ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘ። ይከስማል ተብሎ በውሰት የተሸጠው ኩባንያ፣ ከልክ ያለፈው ዋጋ ባመጣለት ገንዘብ ካዝናውን ሞላ። የሱቆቹ ንግድ አልተሻሻለም ብንል እንኳ፣ የመክሰሩ ዕድል ተለውጧል። ተውሶ የሸጠው ሰው «ወደ ዜሮ ይሄዳል» ያለው ግምት በጅምሩ ምክንያታዊ ሊሆን ይችላል፤ ግምቱን ያፈረሰው ግን እርሱ ስህተት ነው ያለው ያው ዋጋ ነው።

ይህ ለባለአክሲዮኑም ትርጉም አለው። ስለ ኩባንያው ከማንም በላይ የሚያውቀው ራሱ ኩባንያው ነው። እርሱ አዲስ አክሲዮን አትሞ ሲሸጥ፣ በዚያ ዋጋ ሻጭ መሆንን መርጧል ማለት ነው። ኤኤምሲ የተባለው የሲኒማ ቤቶች ኩባንያ በጁን 2021 ከ11 ሚሊዮን በላይ አክሲዮን ሲሸጥ፣ ገንዘባቸውን በሙሉ ወይም አብዛኛውን ለማጣት ያልተዘጋጁ ሰዎች አክሲዮኑን እንዳይገዙ በሰነዱ ላይ አስጠንቅቆ ነበር። ሻጩ ራሱ እንዲህ እያለ የሚሸጠውን ዕቃ መግዛት የገዢው መብት ነው፤ አልተነገረኝም ማለት ግን አይቻልም። ከሁሉም ምልክቶች አንድ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው፤ ይህም ቢሆን አቅጣጫን እንጂ ቀንን አይነግርም።

ስለ ምልክቶች

በሰፊው የሚጠቀሰው ሌላው ምልክት የውሰት ሽያጩ መጠን ነው። ክርክሩ እንዲህ ይሄዳል፦ ዋጋው የወጣው ተውሰው የሸጡት ለመመለስ እየተጣደፉ ስለገዙ ነው፤ ስለዚህ የውሰቱ መጠን ሲቀንስ ዋጋው ይወድቃል፤ ያን ጊዜ ሽጥ። የአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይና የግብይት ኮሚሽን ባለሙያዎች በኦክቶበር 2021 ያወጡት ሪፖርት ግን ይህን አይደግፍም። ተውሰው የሸጡት መግዛታቸው እውነት ቢሆንም ከጠቅላላው ግዢ ትንሽ ክፍል እንደነበረና፣ የእነርሱ ግዢ ውጤት ሊያበቃ ከሚገባው ጊዜ በኋላም ዋጋው ለሳምንታት ከፍ ብሎ እንደቆየ ሪፖርቱ ያስረዳል። በተጨማሪም ይህ መረጃ በአሜሪካ የሚታተመው በወር ሁለት ጊዜ፣ ያውም ከቀናት መዘግየት ጋር ነው። በሦስት ቀን ውስጥ አምስት እጥፍ ለሚያድግ ዋጋ፣ የሁለት ሳምንት ዕድሜ ያለው መረጃ የውሳኔ መሠረት ሊሆን አይችልም።

ሌላው የተረሳ ነገር፣ ባለአክሲዮኑ መሸጥ የሚችለው ሌላው ሰው መግዛት ሲችል ብቻ መሆኑ ነው። በጃንዋሪ 28 ማለዳ የአሜሪካ የግብይት ማጣሪያ ተቋም ሮቢንሁድ የተባለውን ደላላ ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር ማስያዣ ጠየቀው፤ በኋላ ጥያቄው ቢቀነስም፣ ሮቢንሁድና ሌሎች ደላሎች ደንበኞቻቸው አክሲዮኑን እንዳይገዙ፣ መሸጥ ግን እንዲችሉ አደረጉ። በዚያን ጊዜ የገንዘቡና የአክሲዮኑ ርክክብ ሁለት የሥራ ቀናት ይፈጅ ስለነበር፣ በመካከሉ ያለውን አደጋ የሚሸፍን ማስያዣ ያስፈልግ ነበር። ርክክቡ ወደ አንድ ቀን ያጠረው በሜይ 2024 ነው። ዋጋው በአንድ ቀን ከ347.51 ወደ 193.60 ሲወርድ፣ ስለ ጌምስቶፕ ንግድ የተሰማ አዲስ ነገር አልነበረም፤ የተለወጠው የገዢዎች አቅም ነው። ይህን የመሰለ ክስተት የትኛውም የዋጋ ትመና ሞዴል አስቀድሞ አይነግረንም።

የያዘ ሰው እንዴት ይወስን?

ኸርሽ ሸፍሪንና ሜየር ስታትማን በ1985፣ ቴራንስ ኦዲን ደግሞ በ1998 እንዳሳዩት፣ ግለሰብ ባለሀብቶች ያተረፉበትን ቶሎ የመሸጥና የከሰሩበትን ይዘው የመቆየት ዝንባሌ አላቸው። በሚም አክሲዮን ላይ ግን ሌላ ኃይል ይጨመራል፤ አለመሸጥ የአባልነት መለያ ይሆናል። «የአልማዝ እጅ» የሚለው አባባል የዚህ መገለጫ ነው። ሁሉም ካልሸጠ ዋጋው አይወድቅም፤ ሆኖም ቀድሞ የሸጠ ሰው ከሁሉም በላይ ያተርፋል። ስለዚህ ቃል ኪዳኑ በጸና ቁጥር ቃሉን የማፍረስ ጥቅሙ ይጨምራል። ዲሊፕ አብሬውና ማርኩስ ብሩነርማየር በ2003 ባሳተሙት ጥናት ያሳዩት የጊዜ አለመጣጣም ችግርም ከዚህ ይዛመዳል፤ ዋጋው ከልክ ማለፉን የሚያውቁ ሁሉ፣ ሌሎቹ መቼ እንደሚወጡ ስለማያውቁ፣ ለጊዜው አብረው መጋለቡን ይመርጣሉ።

ባለአክሲዮኑ ከዚህ ውዥንብር የሚወጣበት መንገድ ዋጋውን ከመተንበይ ይልቅ የራሱን ሀብት ድርሻ መመልከት ነው። አንድ ሰው ከ20,000 ዶላር ሀብቱ 2,000ውን አውጥቶ 100 አክሲዮን በ20 ዶላር ገዛ እንበል። ውርርዱ የሀብቱ 10 በመቶ ነው። ዋጋው 347.51 ሲደርስ አክሲዮኑ 34,751 ዶላር ያወጣል፤ ከጠቅላላ ሀብቱም 66 በመቶ ያህል ይሆናል። ይህ ሰው «ምንም አላደረግሁም፤ ዝም ብዬ ያዝሁ» ሊል ይችላል። በተግባር ግን በየዕለቱ ከሀብቱ ሁለት ሦስተኛውን በአንድ ተንሸራታች አክሲዮን ላይ እያዋለ ነው። ሊጠይቀው የሚገባው «ነገ ይጨምራል ወይ?» ብሎ ሳይሆን፣ «ይህ ሁሉ ገንዘብ ዛሬ በጥሬው በእጄ ቢሆን ሁለት ሦስተኛውን በዚህ አክሲዮን ላይ አውል ነበር ወይ?» ብሎ ነው። መልሱ «አይሆንም» ከሆነ፣ መልሱ «አይሆንም» እስከማይሆንበት መጠን ድረስ መሸጥ አለበት። ይህ ውሳኔ የዋጋውን ጫፍ ማወቅ አያስፈልገውም።

ስለዚህ ከግዢ በፊት በጽሑፍ መቀመጥ አለበት የምለው ደንብ ሦስት ክፍል አለው። አንደኛ፣ አክሲዮኑ ከሀብቴ ከዚህ ድርሻ ሲያልፍ ትርፉን እሸጣለሁ። ሁለተኛ፣ የገዛሁበት ምክንያት ሲፈርስ፣ ዋጋው የትም ይሁን የት፣ እወጣለሁ። ሦስተኛ፣ በተበደርሁት ገንዘብ አልይዝም። ለተዋሽ ሻጭ ደግሞ አራተኛ ይጨመራል፦ ዋጋው አምስት ወይም ስድስት እጥፍ ቢወጣ ከኪሴ ልሸፍነው ከምችለው በላይ አልሸጥም። በጃንዋሪ 22ቱ ምሳሌ ይህን ደንብ የተከተለ ሰው ምናልባት ከ100 ይልቅ 5 አክሲዮን ብቻ ይሸጥ ነበር፤ ትርፉም 122 ዶላር ያህል ይሆን ነበር። ይህ ትርፍ ለተሸከመው አደጋ አይበቃኝም የሚል ካለ፣ ትክክለኛው ድምዳሜ ጨርሶ አለመሸጥ ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ፣ እንዲህ ያለው ደንብ ትልቁን ትርፍ ያሳጣል የሚል ነው። አክሲዮኑን ይዞ የቆየውና በፌብሩዋሪ 18 ቀን 2021 በአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት የፋይናንስ አገልግሎት ኮሚቴ ፊት የቀረበው ኪት ጊል እንደ ምሳሌ ይጠቀሳል። በእርግጥ ደንቡ ትርፍ ያሳጣል፤ አልክድም። ነገር ግን የአንድ አሸናፊ ታሪክ የሚነገረን አሸናፊ ስለሆነ ነው። በ300 ዶላር ገዝተው በ40 ዶላር ስለወጡት ሰዎች ማንም ምክር ቤት ጠርቶ አይጠይቅም። ደንብ የሚመዘነው በአንድ ውጤት ሳይሆን፣ ተደጋግሞ ሲሠራበት ባለቤቱን በጨዋታው ውስጥ በማቆየቱ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከምሁራኑ ዘንድ የሚመጣ ነው፤ ሁሉም ሰው የውሰት ሽያጭን ከፈራ ዋጋ የሚያርም አይኖርም የሚል። ኤድዋርድ ሚለር ከ1977 ጀምሮ እንዳመለከተው፣ የውሰት ሽያጭ ሲገደብ ዋጋ የሚወሰነው በተስፈኞቹ ብቻ ስለሚሆን ይንራል። በዚህ እስማማለሁ። ክርክሬ የውሰት ሽያጭ ይከልከል የሚል አይደለም። ክርክሬ ዋጋን ማረም ዋጋ የሚያስከፍል አገልግሎት መሆኑን፣ አገልጋዩም ሊሸከመው የሚችለውን ያህል ብቻ ማንሣት እንዳለበት ነው። ከአቅሙ በላይ የሸጠ ሰው ተገዶ ሲገዛ ዋጋውን ይበልጥ ያዛባዋል፤ አራሚ ሆኖ ጀምሮ አባባሽ ሆኖ ይጨርሳል።

ማጠቃለያ

ይህ ጉዳይ ለእኛ የሩቅ ወሬ ብቻ አይደለም። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ከወጣ በኋላ፣ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በአገራችን አቆጣጠር ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራውን በይፋ ጀምሯል። የገበያችን መጠንና ዓይነት ከኒው ዮርክ ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ ጌምስቶፕን የመሰለ ክስተት ነገ ይደርስብናል ማለቴም አይደለም። ነገር ግን በቁጥር ጥቂት የሆኑ አክሲዮኖች የሚገበያዩበት ገበያ ዋጋው በጥቂት ገዢና ሻጭ ሊናጥ እንደሚችል፣ መሸጥ የፈለገ ሁሉ በፈለገበት ሰዓት ገዢ እንደማያገኝ ከወዲሁ ማሰብ ይገባል። አዲስ ባለአክሲዮኖችን ስናስተምር «ጥሩ ኩባንያ ምረጡ» በሚለው ብቻ ብናቆም ትምህርቱ ግማሽ ይሆናል። የመውጫው ነገር ከመግቢያው ጋር አብሮ መሰጠት አለበት።

ለተመራማሪ ጓዶቼም አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የዋጋ ስህተትን የሚለካ ጥናት ስንሠራ፣ «ዋጋው ወደ ትክክለኛው ቦታ ተመልሷል» ብለን ስንደመድም፣ እስኪመለስ ድረስ በመካከል የነበረውን ከፍተኛ ኪሳራና ያን ለመሸከም ያስፈልግ የነበረውን ገንዘብ በሠንጠረዣችን አንድ ተጨማሪ ዓምድ ላይ እናስፍር። ከላይ በቀረበው ምሳሌ የመጨረሻው ዓምድ 2,442 ዶላር ትርፍ ይላል፤ የጎደለው ዓምድ ደግሞ 35,425 ዶላር ይላል። የመጀመሪያውን ብቻ ያነበበ ሰው የውሰት ሽያጩ ጥሩ ሐሳብ ነበር ብሎ ያምናል፤ ሁለቱን ያነበበ ግን «መቼ ልሽጥ?» ከማለቱ በፊት ኪሱን ይፈትሻል።